ለቢራ መጥመቂያ ድስት ከግርጌው ቫልቭ ለመግጠም ምን ያስፈልጋል?

ጠማቂዋ፣ ከካዛንቺስ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቤት ውስጥ ቢራ የምጠምቅበት 40 ሊትር የሚይዝ የማይዝግ ብረት ድስት አለኝ። የብቅሉን ውኃ አጥልዬ ከጌሾ ጋር ካፈላሁት በኋላ ወደ ማብላያው በርሜል የማሻግረው በጆግ እየቀዳሁ ነው። መጨረሻ ላይ ከባለቤቴ ጋር ግራና ቀኝ ጆሮውን ይዘን እናዘነብለዋለን። ማድ ቤታችን ጠባብ ነው፣ ትንንሽ ልጆችም አሉ፤ 30 ሊትር ትኩስ ነገር ይዞ መንቀሳቀስ በጣም ያስፈራኛል። ከድስቱ ግርጌ ቫልቭ ብገጥምለት ይገላግለኛል። የግድ መበየድ አለበት? ምን ልግዛ? የትስ ላይ ልብሳው? ድስቱ ውድ ስለሆነ ከመብሳቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው።

ብረት ሠራተኛው፣ ከልደታ፦
እህቴ፣ መበየድ የግድ አይደለም። ግማሽ ኢንች ቦል ቫልቭ (ውስጡ ያለ ቀዳዳማ ኳስ ሲዞር የሚከፈትና የሚዘጋ)፣ ጥርሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ ቀጥ ያለ ኒፕል (አጭር ማገናኛ ቧንቧ)፣ አንድ ዳዶ፣ ሁለት ሮንዴላ (ዝርግ የብረት ቀለበት)ና አንድ የሲሊኮን ቀለበት ይበቃል። ሁሉም ብረት የማይዝግ ይሁን። የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ስትሄጂ መጀመሪያ የሚያወጡልሽ ዚንክ የተቀባውን ጋልቫናይዝድ ነው፤ እሱን በፍጹም እንዳትወስጂ። የብቅል ውኃ ኮምጣጣነት ስላለው ዚንኩን እያሟሟ መጠጡ ውስጥ ያስገባዋል። ማግኔት ይዘሽ ሂጂ፤ አጥብቆ የሚይዘውን መልሺው።

የግማሽ ኢንች ጥርስ የውጭ ስፋቱ 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀዳዳውም ያንኑ ያህል ይሁን፤ ከ22 አይለፍ። ድስቱ ሲታጠፍ ክብ የሚሆነውን የታችኛውን ጠርዝ አልፈሽ፣ ግድግዳው ቀጥ ካለበት፣ ከመቀመጫው 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጊው። ከውስጥ በኩል ጣውላ ደግፈሽ መጀመሪያ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ብሺ፤ ከዚያ እንደ ደረጃ እየሰፋ በሚሄደው ፑንታ አስፊው። ትራፓኖው (መሰርሰሪያው) ቀስ ብሎ ይዙር፣ ዘይት አይለየው፣ ጫን ብለሽ ያዢው። የማይዝግ ብረት በፍጥነት ከተፈተገና ከጋለ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ያኔ ፑንታውን ይጨርሰዋል እንጂ አይበሳም። ሲያልቅ የቀዳዳውን ከንፈር ከውስጥም ከውጭም በሞረድ አለስልሺው። ሻካራ ከቀረ ቀለበቱን ይቆርጠዋል።

ከአራት ኪሎ፦
እኔ በዚህ አልስማማም። በአርጎን የሚበይድ ጥሩ ባለሙያ ካገኘሽ ብታስበይጂው ይሻላል። የሚለወጥ ቀለበት የለም፣ ቆሻሻ የሚደበቅበት ስንጥቅም የለም።

ብረት ሠራተኛው፣ ከልደታ፦
ባለሙያው ከተገኘ እውነት ነው። በተራ ኤሌክትሮድ የሚበይድ ሰው ግን ስስ ድስት ላይ እንዳይነካ። ግድግዳውን ያቀልጠዋል፣ ከጀርባ የተቃጠለው ቦታም ቆይቶ ይዝጋል።

ብቅል ወዳድ፦
ስለ ቀለበቱ ብዙ አትጨነቂ፤ የአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ጥቁሩ የቧንቧ ጎማም ይችለዋል።

እናት ጠማቂ፣ ከተክለ ሃይማኖት፦
ልጄ፣ መቻሉ ብቻ አይበቃም። ተራ ጎማ ትኩስ ነገር ሲያገኘው ሽታውን ይለቃል፤ የጎማ ሽታ የያዘ መጠጥ ደግሞ እንግዳ ፊት አይቀርብም። በዚያ ላይ የምድጃው እሳት በጎን ሲወጣ ግድግዳውን ከውኃው በላይ ያግለዋል። ሲሊኮን 200 ዲግሪ ይችላል፤ ለምግብ የተሠራውን ፈልጊ። ቫልቩ ጥርስ ላይም ቴፍሎን ጠቅልዪ።

ከናስ በቀር ሌላ አጣሁ ካልሽ ደግሞ፣ ናስ ፊቱ ላይ ትንሽ እርሳስ አለው። ሁለት እጅ ነጭ ኮምጣጤ ከአንድ እጅ የመድኃኒት ቤት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ቀላቅለሽ ዘፍዝፊው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ የቅቤ ቀለም ሲያወጣ አንሥተሽ እጠቢው፤ ፈሳሹ አረንጓዴ እስኪሆን አታቆዪው። ምናለሽ ተራ ያገለገለ ቫልቭ ይገኛል፤ ቀድሞ ምን ሲያልፍበት እንደነበር ስለማይታወቅ ለመጠጥ ግን አዲስ ግዢ።

ጠማቂዋ፣ ከካዛንቺስ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማይዝጉትን አግኝቼ ያለ ብየዳ ገጠምኩት። ቀዝቃዛ ውኃ ሞልቼ ሳድር ጠብታ አልነበረም። ሳፈላው ግን ከሮንዴላው ሥር ጠብ ጠብ ይላል። ደግሞስ ከቫልቩ በታች የሚቀረውን እንዴት ላውጣ? የድስቱ ወርድ 36 ሴንቲ ሜትር ነው።

ብረት ሠራተኛው፣ ከልደታ፦
የድስቱ ግድግዳ ክብ ነው፣ ሮንዴላው ዝርግ ነው። ስለዚህ ቀለበቱ ከላይና ከታች ሲጨፈለቅ በጎኖቹ ይላላል፤ ሙቀት ሲጨመር ያ ቦታ ይከፈታል። ወፈር ያለ የሲሊኮን ቀለበት አድርጊ፣ ጠባብ ሮንዴላ ምረጪ። ቀለበቱ የኒፕሉን ጥርስም አጥብቆ መያዝ አለበት፤ ውኃ በጥርሱ መሐልም ይሾልካልና። ድስቱ ሲቀዘቅዝ ቫልቩን በአንድ ቁልፍ ይዘሽ ከውስጥ ዳዶውን ብቻ ትንሽ አጥብቂ። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ቀለበቱ ተንሸራትቶ ይወጣል።

የሚቀረውን በተመለከተ፣ በዚያ ወርድ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 1 ሊትር ያህል ነው፤ ቫልቩ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ 4 ሊትር ይቀርብሻል። ከውስጥ በኩል ወደ ታች የታጠፈ የመዳብ ወይም የማይዝግ ብረት ቱቦ ግጠሚለት። አፉ ፈሳሽ ውስጥ እስካለ ድረስ ራሱ እየሳበ ያወጣዋል።

እናት ጠማቂ፣ ከተክለ ሃይማኖት፦
ቱቦው ከገባ ጌሾውን እንዲሁ አትበትኚ፣ ቅጠሉ አፉን ይደፍነዋል። በንጹሕ ሻሽ ቋጥረሽ አፍዪው፣ መጨረሻ ላይ ጨምቀሽ አውጪው። ቫልቩን ከመጠቀምሽ በፊትም በኋላም ትኩስ ውኃ አሳልፊበት፤ ኳሱ ጀርባ የቀረ ጣፋጭ ነገር ይሻግታል። የሚፈታ ዓይነት ከሆነ አልፎ አልፎ ፈትተሽ እጠቢው። የቫልቩ እጀታም ልጆቹ ከሚያልፉበት በተቃራኒ፣ ወደ ግድግዳው ይዙር።