ጎረቤቴ የሰገራ መመርመሪያውን ደብቀውታል፤ እንዴት ላግባባቸው?

አራተኛ ፎቅ፦
የምኖረው ምሥራቅ ለንደን፣ ዋይትቻፕል አጠገብ ነው። በር ለበር የምንተያየው ጎረቤቴ ከባንግላዴሽ፣ ከሲልሄት የመጡ የ66 ዓመት እናት ናቸው። የሕንጻው ሰው ሁሉ «ኻላ» ይላቸዋል፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት ኩሽናቸው ገብቼ ሳለ ከቅመም ጣሳዎቹ ጀርባ በላስቲክ የተጠቀለለ ፖስታ አየሁ። በእንግሊዝ ከ50 እስከ 74 ዓመት ላለ ሰው በየሁለት ዓመቱ የሚላከው የአንጀት ካንሰር መመርመሪያ ነው። «ምነው አላደረጉትም?» ብላቸው ፊታቸውን አዞሩ። «በምሰግድበት ቤት?» አሉኝ።

እኛ በክብሪት ቀፎ ሰገራ ይዘን ጤና ጣቢያ ተሰልፈን ስላደግን ነገሩ ቀልሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን እኔም ቀፎውን ሰው እንዳያይብኝ ነጠላዬ ሥር ነበር የምይዘው። ባለቤቴ «በሰው ቤት ምን አገባሽ» ይለኛል። ምን ትላላችሁ?

የበርሚንግሃም ነርስ፦
አገባሽ እንጂ! ግን በቤንጋሊ የተጻፈ ወረቀት ይዘሽላቸው እንዳትሄጂ። ብዙ የሲልሄት እናቶች የሚናገሩት ሲልሄትኛ ነው፤ የቤንጋሊ ጽሑፍ ማንበብ ያልተማሩ አሉ። አንዲት ታካሚዬ ወረቀቱን ገልብጠው ይዘው ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁልኝ ነበር። በእጅሽ አሳዪአቸው። የድሮው ምርመራ ከሦስት የተለያየ ጊዜ ሰገራ ካርቶን ላይ መቀባት ይጠይቅ ነበር። ከ2019 ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ ሰገራው ውኃው ውስጥ ሳይገባ በንጹሕ ዕቃ ይቀበላሉ፤ ከጠርሙሱ ክዳን ጋር በተያያዘው ዘንግ ጫር ያደርጋሉ፤ መልሰው ይከድናሉ፤ ቀኑን ይጽፋሉ። የሚፈለገው በዓይን የማይታይ ደም ነው። ስለዚህ «ደህና ነኝ» ለሚል ሰው የተሠራ ምርመራ ነው። ከመቶ ሰው ጥቂቱ ብቻ ለተጨማሪ ምርመራ ይጠራል፤ ሲጠሩም ሴት ሐኪም መጠየቅ ይችላሉ። ሰገራቸው ላይ ደም ካዩ ግን ፖስታ ሳይጠብቁ ሐኪማቸው ዘንድ ይሂዱ።

የወሎ ልጅ፦
እኔ ሙስሊም ነኝና ስለ ስግደቱ ልናገር። ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ ነገር፣ የነካው እጅ ታጥቦ ይጠራል፤ ሕፃን ያሳደገች እናት ይህን ከእኔ በላይ ታውቃለች። ናሙናውን እዚያው መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዘጋጅተው ያንኑ ዕለት ፖስታ ቤት ቢያስገቡትስ? ለእናቴ ያልኩት ይህንኑ ነው። ለማንኛውም ሃይማኖቱ ብቻ አይመስለኝም።

ዝም አይነቅዝም፦
ቀኑ የደረሰ ሰው በምርመራ አይተርፍም። ተዋቸው።

የበርሚንግሃም ነርስ፦
ቀኑ ሳይደርስ የሚሄደው ነው የሚያስለቅሰኝ። ገና በጅምሩ ከተገኘባቸው ከ10 ሰዎች 9ኙ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ።

አራተኛ ፎቅ፦
አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ሄድኩ። በስንጥርና በተረፈ ምስር አሳየኋቸው፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ እውነተኛው ነገር ወጣ፤ የወሎ ልጅ ልክ ነበርክ። በዚያ ቤት ደብዳቤ የሚያነበው ወንድ ልጃቸው ነው። ይህንንም ያነበበላቸው እርሱ ነው፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ፤ አጥፎ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ። እናትና ልጅ ከዚያ ወዲያ አላነሡትም። የኻላ ጭንቀት ውጤቱም ያው በእርሱ እጅ መነበቡ ነበር። ምራታቸውን ጠራናትና የጤና ደብዳቤ ሁሉ እርሷ እንድታነብ ተስማማን።

ሰኞ ጠዋት በሬን አንኳኩ። ፖስታውን በሦስት ላስቲክ ጠቅልለው «አንቺ ያዢው» አሉኝ፤ በእርሳቸው ቦርሳ ውስጥ መቁጠሪያቸው አለ። ቀዩ የፖስታ ሣጥን ዘንድ ስንደርስ ላስቲኩን አንድ በአንድ ስፈታ፣ እርሳቸው ራቅ ብለው አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመው ነበር።