ክሊዮ አር ኤስ፣ ፔጆ 208 ጂቲአይ ወይስ ሜጋን አር ኤስ? በየቀኑ የሚነዳ ሰው ይምከረኝ

የሐረር_ልጅ (ፍራንክፈርት)፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሐረር ነው ያደግኩት። እኛ ጋ ታክሲ ማለት ፔጆ 404 ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) መመረቷ የቆመ መኪና ሰው እስከ ጣሪያዋ ጭና ዳገት ስትወጣ እያየሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ እዚህ ያሉ ጓደኞቼ «የፈረንሳይ መኪና? ብር በዛብህ እንዴ?» ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቄ ነበር የሚመጣው። አሁን ብሩን ላወጣ ስል ግን ፈራ ፈራ ማለት ጀምሬያለሁ።

ያለኝ 12,000 ዩሮ ነው። የምነዳው የናፍጣ ጎልፍ ነው። አልበደለኝም። ግን አቁሜው ስሄድ አንድም ቀን ዞር ብዬ አይቼው አላውቅም። የምፈልገው ሆት ሃች የሚሏትን ዓይነት ነው። ትንሽ፣ ፈጣን፣ መሪዋ የሚታዘዝ፣ ማርሿን በእጄ የምቀያይራት። ዓይኔ ያረፈው የ2010 ሬኖ ክሊዮ አር ኤስ 200፣ የ2014 ፔጆ 208 ጂቲአይ እና የ2012 ሬኖ ሜጋን አር ኤስ 265 ላይ ነው (አር ኤስና ጂቲአይ የፈጣኖቹ ሞዴሎች መጠሪያ ናቸው)።

ኑሮዬን ልንገራችሁ። ከሄክስት ዳርምሽታት በየቀኑ እመላለሳለሁ፣ አብዛኛው በኤ5 አውራ ጎዳና ነው። ጠዋት ጠዋት ልጄን መዋዕለ ሕፃናት አደርሳለሁ። አራት ዓመቷ ነው፣ የምትቀመጠው ከኋላ በራሷ ወንበር ነው። ባለቤቴ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ግዛ፤ ግን በብርድ ጠዋት አልነሳም ካለች ወርጄ አልገፋም።»

የነዳችሁ፣ የጠገናችሁ፣ ሸጣችሁ የተገላገላችሁ፣ እስቲ እውነቱን ንገሩኝ።

ኮሮላ_ቨርጂኒያ፦

ወንድሜ፣ ቶዮታ ግዛና ተኛ።

እኛ አሜሪካ ያለነው ፈተናውም የለብንም። ሬኖ በ1987፣ ፔጆ በ1991 ጓዛቸውን ጠቅልለው ከዚህ ገበያ ወጥተዋል። እዚህ ተሸጦ የማያውቅ መኪና ማምጣት ያማረው ሰው መኪናው 25 ዓመት እስኪሞላው ይጠብቃል። ለነገሩ የ1993ቷ ክሊዮ ዊሊያምስ ካለፈች ቆየች። ሰማያዊ ናት፣ ቸርኬዋ ወርቃማ፣ ሞተሯ 2 ሊትር፣ ወደ 150 ፈረስ ጉልበት። በመርከብ ለማስመጣት ስንት እንደሚጠይቁ... አይ፣ ተወው። ቶዮታ ግዛ።

የሐረር_ልጅ፦

@ኮሮላ_ቨርጂኒያ ጂአር ያሪስ ከሆነ የምትለኝ ዛሬውኑ! 261 ፈረስ ጉልበት አላት። በኔ ብር ግን ግማሿን ነው የሚሸጡልኝ።

ትዕግስት_ሊዮን፦

ሰላም የሐረር ልጅ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከዘረዘርካቸው መኪኖች ሦስቱም የኋላ በር እንደሌላቸው አይተሃል? ክሊዮዋም፣ 208ም፣ ያቺ ሜጋንም። በየጠዋቱ የፊቱን ወንበር አጥፈህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ ጃኬት የለበሰች የአራት ዓመት ልጅ ከኋላ ማሰር። ያውም በዝናብ። ወገብህን ነው የማዝነው።

እኔ የምነዳው ቀጣዩን ትውልድ ነው፣ በ2013 የወጣችውን ክሊዮ አር ኤስ። አምስት በር አላት። 1.6 ሊትር ቱርቦ፣ 200 ፈረስ ጉልበት። ማርሿ አውቶማቲክ ብቻ ነው፣ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን። አንተ በእጄ ልቀይር ስላልክ ይሄን እንደማትወደው አውቃለሁ። የመኪና ጋዜጠኞቹም ሲወጣ ጊዜ አልቅሰውበታል። ግን እኔ በየቀኑ የፉርቪየር ዋሻ ውስጥ ተሰልፌ ነው የምውለው፤ እዚያ ውስጥ የግራ እግሬ ማረፉን ከማንም ጋዜጠኛ አልለውጠውም። ከዚያ ወደ ክሯ ሩስ ዳገት ስወጣ ቁልፏን ተጭኜ ስፖርት ላይ አደርጋታለሁ፣ ሌላ መኪና ትሆናለች።

ከመንገዱ ጉድጓድ ጋር እንዴት ናት ካልከኝ፣ ጠንከር ትላለች ግን አታላጋም። ካፕ የሚባለውን የጠነከረ ሻሲ ሳይሆን ስፖርት የሚባለውን ፈልግ። ሌላ ደግሞ፣ ስክሪኗ ላይ የሌላ መኪና ሞተር ድምፅ በስፒከር የሚያሰማ ጨዋታ አለ። የኒሳን ጂቲአር ድምፅ ሁሉ አለው። ለትልቅ ሰው ያሳፍራል። ልጄ ግን ያለሱ አንሄድም ትላለች።

የድሮ_መካኒክ (ኦፈንባህ)፦

ትዕግስት ዋናውን ነገር ተናግራለች። እኔ ኮፈኖውን ልክፈተው።

መጀመሪያ ስለ 404። እሷን እኔም አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ ጋራዥ ስሠራ ፈትቻታለሁ። ካርቡራተሯን ታወርዳለህ፣ በቤንዚን ታጥባለህ፣ ነፋ አድርገህ ትገጥማለህ፣ ትሄዳለች። ከ208 ጋር የሚያገናኛቸው አንበሳው ብቻ ነው። ስለዚህ የሐረርን ታክሲ ምስክር አድርገህ አትጥራ። ጓደኞችህም ደግሞ ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተታቸው ልክ አይደለም። ዛሬ ሰው ፔጆን የሚያማው በአብዛኛው በ1.2ቱ ፒዩርቴክ ሞተር ነው። ታይሚንግ ቤልቱ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜ የሚያስማማው ቀበቶ) ዘይት ውስጥ ነው የሚሽከረከረው። ቤልቱ ሲበላ ፍርፋሪው የዘይቱን ማጥለያ ይደፍናል። የፔጆ ባለቤት ስቴላንቲስ በ2024 ለዚህ ችግር የሚሰጠውን ሽፋን ወደ 10 ዓመት ወይም 175,000 ኪሎ ሜትር አራዝሞታል። አንተ ከመረጥካቸው ውስጥ ይሄ ሞተር ያለባት የለችም።

208 ጂቲአይ። ሞተሯ 1.6 ቲኤችፒ ነው። ፔጆ ከቢኤምደብሊው ጋር ሆኖ የሠራው ነው፤ ወንድሙ ሚኒ ኩፐር ኤስ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ በዚህ ሞተር ፈረንሳይን ብቻ የሚሰድብ ሰው ግማሹን ስድብ ወደ ሙኒክ ይላክ። የታወቀ ሕመሙ የታይሚንግ ሰንሰለቱ ነው። ሰንሰለቱ ይረዝማል፣ መወጠሪያው ይደክማል፣ ጠዋት ስታስነሳት ኳኳታ ትሰማለህ። ነዳጁን የሚረጨው በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ስለሆነ የማስገቢያ ቫልቮቹን የሚያጥባቸው ቤንዚን የለም። ጥቀርሻ ይጋገርባቸዋል። እሱን የምናጸዳው የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በአየር ግፊት እየረጨን ነው። የከፍተኛ ግፊት የነዳጅ ፓምፑም ይታማል። ዘይትም ይጠጣል። የ2014ቷ ከመጀመሪያዎቹ ተሻሽላ የወጣች ናት፣ ይሄን አልክድም። አንተ ደግሞ አውራ ጎዳና ላይ ስለምትነዳት ሞተሩ በደንብ ይሞቃል፣ ያ ይጠቅማታል። ከገዛሃት ግን መጽሐፉ ላይ ያለውን ረጅሙን የዘይት ቀጠሮ እርሳው። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይር፣ በመሃሉም የዘይት መለኪያውን እየመዘዝክ እይ። ለኤ5 ከሦስቱ የምትመቸው እሷ ናት። ጉልበቷ ከታች ይጀምራል፣ ጸጥ ብላ ትሄዳለች።

ክሊዮ 200 ሌላ ፍጥረት ናት። 2 ሊትር፣ ቱርቦ የለ፣ ቀጥታ መርጫ የለ። 200 ፈረስ ጉልበቱን የምታገኘው ሞተሩ በደቂቃ 7,100 ዙር ሲዞር ነው። ከታች ስትነዳት «ይቺ ናት እንዴ?» ትላለህ። 5,000ን ስታልፍ ቃልህን ታጥፋለህ። መሪዋ የሚነግርህ ነገር አለ። ጥምዝ ውስጥ ነዳጁን ትንሽ ስትለቅ ኋላዋ አብሮህ ይዞራል፣ መኪናዋ የት ልትሄድ እንደፈለግክ ገብቷት። የድሮዋ 205 ጂቲአይም እንዲህ ነበረች፣ እሷ ግን ደንገጥ ብለህ ነዳጅ ከለቀቅክ ኋላዋን አስቀድማ አጥር ላይ ትሰቅልህ ነበር። ይቺ ጨዋ ናት። የተገጣጠመችው ፈረንሳይ፣ ዲየፕ ነው፣ የስፖርት መኪናዋ አልፒን ኤ110 የወጣችበት ፋብሪካ።

የክሊዮዋ ነገር አንድ ታይሚንግ ቤልት ነው። ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም በየአምስት ዓመቱ ይቀየራል። «ብዙ አልተነዳችም» የሚል ሻጭ ቤልት በዕድሜም እንደሚሞት ረስቷል። ሥራውም የማንም ሥራ አይደለም። በዚህ ሞተር ላይ ፑሌዎቹ ቁልፍ የላቸውም፣ በመታሰራቸው ብቻ ነው ቦታቸውን የሚይዙት። ካም ሻፍቱንና ክራንኩን የሚቆልፍ ልዩ መሣሪያ ከሌለህ አትነካውም። አንድ ደንበኛዬ ሌላ ቦታ በርካሽ አሠርቶ መጥቶ ሞተሩ ልክ አይዞርም ነበር፣ ጊዜው ስቶ። ትንሽ ቢጨምር ቫልቭና ፒስተን ይገናኙ ነበር። ቤልቱ ሲወርድ የካም ሻፍቱ ዲፌዘር ፑሌ (የቫልቮቹን ጊዜ የሚያስተካክለው)ና የውሃ ፓምፑ አብረው ይቀየሩ። ወደ አንድ ሺህ ዩሮ የሚጠጋ ብር ለይተህ አስቀምጥ። ከዚያ ውጭ የሁለተኛና የሦስተኛ ማርሽ ሲንክሮ (ማርሹ ሳይጮህ እንዲገባ የሚያደርገው ቀለበት) ያረጃል። ሞተሩ ራሱ ግን ጠንካራ ነው።

ጉዳቷን ደግሞ ስማ። በ130 ስትሄድ ስድስተኛ ማርሽ ላይ 4,000 ዙር አካባቢ ናት። ሬዲዮውን ከፍ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ትዘጋዋለህ። ቤንዚኗ ባለ 98 ኦክቴን ነው የሚመከረው።

ሜጋንን ተዋት። መጥፎ መኪና ሆና አይደለም። ሜጋን አር ኤስ 275 ትሮፊ አር በ2014 ኑርበርግሪንግ የሚባለውን የጀርመን የመኪና ውድድር መንገድ በ7 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ዞራለች፣ ያኔ የፊት ጎማ ነጂ መኪኖችን ክብረ ወሰን ሰብራለች። ችግሩ እኛ የምንኖረው ከኑርበርግሪንግ የሁለት ሰዓት መንገድ እንኳ በማይሞላ ቦታ ነው። እዚህ አካባቢ በ12,000 ዩሮ የምታገኛት ሜጋን ያንን መንገድ ከአንተ በላይ ታውቀዋለች። ዲስኩ ጠርዝ አውጥቶ፣ ጎማዋ ትከሻው ተልጦ፣ ሻጩ «እናቴ ናት የምትነዳት» ይልሃል።

በእጅ ማርሽም አምስት በርም ካልክ ፔጆ 308 ጂቲአይ አለች። 270 ፈረስ ጉልበት፣ ከፊት 380 ሚሊ ሜትር ዲስክ። ዋጋዋ ካንተ በላይ ነው፣ ዲስኩን የምትቀይር ቀን ደግሞ ታስታውሰኛለህ።

ኢንሹራንሱን በስልክ አትገምት። የመኪናዋን ሊብሬ ቁጥር ይዘህ አስልተህ ነው ሻጭ ጋ የምትሄደው።

የሐረር_ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይሄን ሁሉ በነፃ!

የትዕግስትን መልእክት ለባለቤቴ አነበብኩላት። «የኋላ በር የላቸውም?» ብላ ዝም አለች። ዝምታዋን ታውቁታላችሁ፣ ያገባችሁ። አሁን ሁለት ማስታወቂያ ላይ ነው ያለሁት። አንዷ ማይንዝ ያለች የ2010 ክሊዮ 200 ናት፣ ቤልቷ ያለፈው ዓመት ተቀይሯል ይላል። ሌላዋ ሃናው ያለች የ2014 ክሊዮ አር ኤስ፣ አምስት በር፣ አውቶማቲክ። የሷ ሻጭ ስለ ሰርቪስ ስጠይቀው «ሁሉም ተሠርቷል» ነው ያለኝ። ጋሼ፣ ብሄድ የቱ ጋ ልሂድ? ደግሞ ሞኝ ጥያቄ፣ አንድ ቀን አገር ቤት ስገባ ይዣት መግባት እችላለሁ?

የድሮ_መካኒክ (ኦፈንባህ)፦

የመጨረሻውን ልጀምር። አትችልም። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ከልክላለች፣ የሚገባው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ስለዚህ እዚህ ንዳት፣ እዚህ ሽጣት። የሜጋን አር ኤስ ምርት በ2023 ቆሟል፣ ከዚያ ወዲህ ሬኖ እንዲህ ያለች ቤንዚን ጠጪ ትንሽ መኪና ስላልሠራ ጥሩ የተያዘች ዋጋዋ በቀላሉ አይወድቅም።

የሃናዋ መኪና በራሷ አትከፋም። ሞተሯ ከኒሳን ቤት የመጣ ነው፣ ታይሚንጉ በሰንሰለት ነው፣ የአምስት ዓመት ቀጠሮ የለብህም። ለኑሮህ የምትስማማው እሷ ናት። ግን «ሁሉም ተሠርቷል» ወረቀት አይደለም። ደውልለትና ደረሰኞቹን ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። ከላከ ቅዳሜ ሂድ። ካልላከ ማይንዝ ሂድ፣ እዚያም የቤልቱን ደረሰኝ ከመኪናዋ በፊት ተመልከት። ዲፌዘሩና የውሃ ፓምፑ ተጽፈውበታል? ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ዳሽ ቦርዱ ላይ ካለው ጋር ይሄዳል? «ቤልት ተቀየረ» ብቻ ከሆነ የሚጽፈው፣ ግማሽ ሥራ ነው፤ ከዋጋው ቀንስ።

አውቶማቲኳን ስትሞክር ጭንቅንቅ ያለበት መንገድ ፈልግ። በእግር ፍጥነት ስትንፏቀቅ መንቀጥቀጥ የለባትም። ማይንዝ ያለችውን ሞቃ ሳለ ከሦስት ወደ ሁለት ማርሽ ቶሎ ቶሎ መልሳት፣ ከጮኸች ሲንክሮው ሄዷል። የአራቱም ጎማ ስም አንድ ዓይነት መሆኑን እይ። ርካሽ ጎማ የገዛ ሰው ሌላውንም ነገር በርካሽ አሠርቶታል።

የምትሄድበትን ሰዓት ንገረኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዡ ዝግ ነው፣ አብሬህ ልሄድ እችላለሁ። ለሻጩ ደግሞ ዛሬውኑ ደውለህ ሞተሩን እንዳያስነሳው ንገረው፣ ሕመሙ የሚሰማው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። እኛ ስንደርስ ኮፈኖዋ ላይ እጄን አስቀምጣለሁ፣ ሞቃ ከቆየችን ተመልሰን እንመጣለን።