የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ ቢ) ያለባት እናት ብታጠባ ልጁን ይይዘዋል?

ሳምንት_31፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ31 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። በቅድመ ወሊድ ምርመራ ሄፓታይተስ ቢ ፖዘቲቭ ተባልኩ፤ ኤችአይቪ የለብኝም። አማቴ «ጡትሽን እንዳትሰጪው፣ የቆርቆሮ ወተት ይጀመርለት» ይላሉ። ማጥባት እችላለሁ? ልጁ ሲወለድ ምን መወጋት አለበት? የጡቴ ጫፍ ቢቆስልስ?

አዋላጅ_ነርስ፦
ታጠቢያለሽ እህቴ። ቫይረሱ በጡት ወተት ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ክትባቱ ባልነበረበት ዘመን እንኳ በጠቡና ባልጠቡ ልጆች መካከል የመያዝ ልዩነት አልታየም። ከእናት ወደ ልጅ በአብዛኛው የሚተላለፈው በምጥና በወሊድ ሰዓት፣ በደምና በፈሳሽ ነው። ስለዚህ ሐሳብሽን ከጡቱ አንሺና ወሊዱ ላይ አድርጊው።

ዋናው ነገር ልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መውሰዱ ነው። ይህ ለብቻው የተዘጋጀ ክትባት ነው፤ ጭኑ ላይ በውጭ በኩል ጡንቻ ውስጥ ይወጋል። ፔንታ (አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት) አይደለም፤ ፔንታ ለአራስ አይሰጥም። «በ6 ሳምንቱ ስታመጪው ይከተባል» ካሉሽ አትቀበይ። የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንቱ ፔንታ ይቀጥላል እንጂ የመጀመሪያውን ቀን አይተካም። ጨቅላ ሆኖ ከተያዘ ከ10 ልጆች በ9ኙ ላይ በሽታው ሥር ይሰዳል፤ አዋቂ ሲይዘው ግን አብዛኛው ሰው ራሱ ያጠፋዋል።

ክትባቱ በየተቋሙ ላይኖር ስለሚችል ከአሁኑ የምትወልጂበትን ቦታ ጠይቂ። መኖሩን ብቻ ሳይሆን ሌሊትና እሑድ የክትባት ፍሪጁን ቁልፍ ማን እንደሚይዝ ጭምር። ብዙ ጊዜ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለው፣ የተዘጋጀ መከላከያ አካል የያዘ ተጨማሪ መርፌ ከተገኘ በ12 ሰዓት ውስጥ በሌላኛው ጭን ይሰጣል። ውድ ነው፤ ባይገኝም ክትባቱ ይሰጥ፣ ጡትም ይጥባ። እንገሩን ለመስጠት መርፌውን መጠበቅ የለብሽም፤ በመጀመሪያው ሰዓት አጥቢው።

ብሩክ_ጤና፦
የጡት ጫፍ ከተሰነጠቀና ከደማ ግን ማቆም ግዴታ ነው፤ ታልቦ ይደፋ።

የጉበት_ክሊኒክ፦
ወንድሜ፣ ይህ የሄፓታይተስ ሲ ምክር ነው፤ ሁለቱ ሁልጊዜ ይምታታሉ። ለሲ ክትባት ስለሌለ ጫፉ ሲደማ ከዚያ ጡት ማጥባት ይቆምና እስኪድን እየታለበ ይደፋል። ለቢ ግን ልጁ ክትባቱን በሰዓቱ ከጀመረ ማቆም አያስፈልግም፤ ቁስሉን መከላከልና ቶሎ ማከም ነው። መሰንጠቁ የሚመጣው ሕፃኑ ጫፉን ብቻ ሲጎርስ ነው። አፉን በሰፊው ሲከፍት አስጠጊው፤ አገጩ ጡትሽን ይንካ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገልበጥ፣ ከጥቁሩ ክብ ከላይ እንጂ ከታች ብዙ አይታይ። ካመመሽ ትንሽ ጣትሽን በአፉ ጠርዝ አስገብተሽ አላቅቂውና እንደገና አጉርሺው፤ ጎትቶ ማላቀቅ ራሱ ያቆስላል።

ሌላ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። የቫይረስ መጠንሽ ተለክቷል? 200,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት በሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክትባቱ ብቻውን ሊሸነፍ ስለሚችል ቫይረሱን የሚቀንሰው መድኃኒት ቴኖፎቪር 300 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ይታዘዛል። መለካት በማይቻልበት ቦታ፣ በዓለም ጤና ድርጅት የ2024 መመሪያ መሠረት ለማንኛዋም ፖዘቲቭ ነፍሰ ጡር መስጠት ይታሰባል። መድኃኒቱ ከመውለድ በፊት ሳምንታት ይፈልጋል፤ 31 ላይ ሆነሽ ነገ ዛሬ አትበዪ።

ሳምንት_31፦
አመሰግናለሁ። ቴኖፎቪር እየዋጥኩ ማጥባት ልጁን አይጎዳም?

የጉበት_ክሊኒክ፦
ወደ ወተት የሚያልፈው እጅግ ትንሽ ነው፤ አጥቢ። ከወለድሽ በኋላ ግን በራስሽ እንዳታቋርጪው። ሲቆም ቫይረሱ ሊያገረሽና ጉበትን ሊያስቆጣ ስለሚችል ሐኪሙ ለተወሰኑ ወራት የጉበት ምርመራ እያየ ይከታተልሻል።

አዋላጅ_ነርስ፦
ልጁን ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ አስመርምሪው፤ አንቲጂኑንም (ቫይረሱ መኖሩን የሚያሳየውን) መከላከያ አካሉንም (ክትባቱ መሥራቱን የሚያሳየውን)። የእትብት ደም አይመረመርም፣ የእናት ደም ስለሚቀላቀልበት ያሳስታል። ክትባት በወሰደ በሳምንት በሁለት ሳምንት ቢመረመርም ከክትባቱ የተነሳ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ባልሽም ይመርመር፤ ነፃ ከሆነ ይከተብ። አማትሽን ደግሞ አንድ ነገር ንገሪያቸው፦ ልጁ እንጥሉ አይቆረጥ፣ ግርዛቱም በሰፈር ምላጭ አይሁን። ከጡትሽ ይልቅ የሚያሰጋው ምላጩ ነው።