ጆርናሉ 62ቱንም ሪፈረንስ አስተካክል ብሎ ፔፐሩን መለሰብኝ፤ ከየት ልጀምር?

ብራና (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ፔፐሬ ነው። አንድ ጆርናል አልቀበልም ሲለኝ ለሌላ ላክሁት፤ ገምጋሚ ጋር እንኳን ሳይደርስ ከኤዲተሩ ቢሮ ተመለሰ። የጻፉልኝ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ሪፈረንሶቹ በቫንኩቨር ስታይል (ምንጭ በቁጥር የሚጠቀስበት) ይሁኑ፣ ዲኦአይ (የአንድ ፔፐር ቋሚ የኢንተርኔት መለያ) ያላቸው ሁሉ ዲኦአያቸው ይጻፍ፣ ጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ከዝርዝሩ ጋር ይጣጣሙ። እኔ የሠራሁት በኤፒኤ ነው፣ የደራሲ ስምና ዓመት በቅንፍ። ግማሹን በዞተሮ (ሪፈረንስ በሚያደራጀው ፕሮግራም) አስገብቻለሁ፣ ግማሹን አብረውኝ የጻፉት ሁለት ሰዎች በእጃቸው ጽፈውታል፣ ፋይሉም ከዎርድ ወደ ሊብሬኦፊስ ሄዶ ተመልሷል። አሁን ዞተሮ ላይ ስታይሉን ስቀይር ጥቂቱ ይቀየራል፣ የቀረው ንቅንቅ አይልም። 10 ቀን ነው የሰጡኝ። በእጄ ልጻፈው ወይስ ሌላ መላ አለ?

ቀለም፦
62 ያን ያህል አያስፈራም። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለህ በእጅህ ጨርሰው። እኔ ሁለት ፔፐር ያወጣሁት እንዲያ ነው።

የላብ ሰው፦
በእጅ እንዳትነካው ወንድሜ። በቫንኩቨር ቁጥር የሚሰጠው በፊደል ተራ አይደለም፤ ምንጩ ጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ተራ ነው። አንዴ 4 የተባለ እስከ መጨረሻው 4 ነው። ነገ ገምጋሚው መግቢያህ ላይ አንድ ፔፐር ጨምር ቢልህስ? የድሮው 4 ወደ 5 ይሄዳል፣ 5 ወደ 6፣ እንዲህ እያለ እስከ 63 ይወርዳል፣ ጽሑፉ ውስጥ ያለውንም አንድ በአንድ እየፈለግህ ትቀይራለህ። እኔ ላይ ደርሷል። ሁለት ቁጥር ተንሸራቶብኝ ያየሁት ፔፐሩ ከታተመ በኋላ ነው፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ የሞተውን ከሕያው ለይ። ዎርድ ላይ አንዱን ሳይቴሽን (ጽሑፉ ውስጥ ምንጭ የተጠቀሰበትን) ጠቅ አድርገው። ሙሉው ግራጫ ከሆነ ዞተሮ ያውቀዋል። ግራጫ ካልሆነ ግን ሞቷል፣ እንደማንኛውም ቃል ተራ ጽሑፍ ሆኗል ማለት ነው። ሁሉንም ባንዴ ለማየት አልትን ይዘህ ኤፍ9 ተጫን፤ ሕያዎቹ ኮዳቸው ተገልጦ ይታያል፣ ደግመህ ስትጫን ይመለሳል። ሳይገድላቸው የቀረ አይመስለኝም ሊብሬኦፊስ። ሁለቱ ፕሮግራሞች ሳይቴሽን የሚያስቀምጡበት መንገድ ይለያያል፣ ስለዚህ ከመሻገርህ በፊት ዞተሮ የሰነድ ምርጫዎች ውስጥ ወደ ሌላ ፕሮግራም ለመቀየር የተዘጋጀውን ቁልፍ መጠቀም አለብህ።

ከዚያ በእጅ የተጻፉትን ሪፈረንሶች ኮፒ አድርግና ክሮስሬፍ (ዲኦአይ የሚመዘግበው ድርጅት) ላይ "ሲምፕል ቴክስት ኩዌሪ" የሚባለው ገጽ ላይ ለጥፋቸው። ነጻ ነው። ያገኘውን ዲኦአይ ከየሪፈረንሱ ጋር ያመጣልሃል፤ ዲኦአይ ሁልጊዜ በ10 ስለሚጀምር በዓይን ትለየዋለህ። እነሱን ሰብስበህ ዞተሮ ላይ የአስማት ዘንግ ምስል ባለበት ቁልፍ ባንዴ አስገባቸው። የሚቀርህ ጽሑፉ ውስጥ የሞቱትን እያጠፋህ በቦታቸው ሕያዎቹን መተካት ነው። እሱ ያሰለቻል፣ አቋራጭም የለውም፤ ግን አንዴ ነው።

ቀለም፦
የቁጥሩ ነገር አሳመነኝ። እኔ የላክሁባቸው ጆርናሎች በስምና ዓመት ስለነበሩ አልገጠመኝም። ያልሁትን ተወው።

ኅዳግ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ስታይል መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ዞተሮ የሚያወጣልህ ያስገባህለትን ነው። ባለፈው የአንድ ተማሪን ዝርዝር ሳይ የዓለም ጤና ድርጅት "ኦርጋናይዜሽን ደብሊው ኤች" ሆኖ አገኘሁት። የአባቱ ስም ኦርጋናይዜሽን የሆነ ሰው አስመስሎታል! ምክንያቱ የድርጅቱ ስም ለሰው በተሠሩት ሁለት ሳጥኖች ተከፍሎ መግባቱ ነው። ከስሙ አጠገብ ባለችው ትንሽ ቁልፍ ወደ አንድ ሳጥን ቀይረው፣ ሙሉ ስሙ ይወጣል። ኤንድኖት (እንደ ዞተሮ ያለ ሌላ ፕሮግራም) የምትጠቀሙ ደግሞ ከድርጅቱ ስም በኋላ ኮማ ጨምሩ። ላቴክ (በኮድ የሚጻፍበት የጽሑፍ ማዘጋጃ) ላይ ለምትጽፉ በድርብ ጥምዝ ቅንፍ ማጠር ነው።

ሁለተኛው የርዕስ ነገር ነው። ቫንኩቨር የፔፐሩን ርዕስ እንደ ተራ ዓረፍተ ነገር ነው የሚፈልገው፣ የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ትልቅ። ከኢንተርኔት የገባው ግን አንዳንዱ እያንዳንዱ ቃል በትልቅ ፊደል ነው። ርዕሱ ላይ በቀኝ ጠቅ ስታደርግ ወደ ዓረፍተ ነገር አጻጻፍ የሚቀይር ምርጫ ታገኛለህ። ሲቀይር የሰውና የቦታ ስም ትንሽ ፊደል እንዳያደርግብህ ግን በዓይንህ እለፍበት። የጆርናል ስም ያጥራል፣ ባለ አንድ ቃል የሆኑት እንደ ኔቸርና ሳይንስ ያሉት ግን አያጥሩም። ከስድስት በላይ ደራሲ ካለ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ተጽፈው ኤት አል (እና ሌሎች) ይባላል፤ ይሄን ስታይሉ ራሱ ይሠራዋል። ደግሞ "ቫንኩቨር" የሚለውን በደፈናው ከመምረጥህ በፊት የጆርናሉን ስም ዞተሮ የስታይል ማከማቻ ውስጥ ፈልገው። ከ10,000 በላይ ስታይል አለ፣ የራሱ ከተገኘ ቅንፉ ክብ ይሁን ካሬ፣ ቁጥሩ ከመስመሩ ከፍ ብሎ ይጻፍ አይጻፍ ብለህ አትጨነቅም።

ብራና፦
እግዜር ይስጥልኝ። እስካሁን 41 ሕያው ሆነዋል። ግን ሠንጠረዥ 2 ውስጥ ያሉት ሳይቴሽኖች 39፣ 40፣ 41 ሆነው ወጡ፣ ሠንጠረዡ የተጠቀሰው ግን ገጽ 4 ላይ ነው። ስህተት ነው?

የላብ ሰው፦
አዎ፣ መስተካከል አለበት። ሠንጠረዥ ውስጥ ብቻ ያለ ምንጭ ቁጥሩን የሚያገኘው ሠንጠረዡ ጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ ነው። ዞተሮ ግን የሚያየው ሠንጠረዡ የተቀመጠበትን ነው፣ አንተ ደግሞ ሁሉንም መጨረሻ ላይ ደርድረሃቸዋል። ለጊዜው ሠንጠረዡን ወደ ገጽ 4፣ ከተጠቀሰበት አንቀጽ ሥር አምጣውና ሪፍሬሽ አድርግ። ተራው ይስተካከላል። ወደ ኋላ የምትመልሰው በመጨረሻው ቅጂ ላይ ነው፣ ሳይቴሽኖቹን ከዞተሮ ጋር የሚያገናኘው ማያያዣ ከተቆረጠ በኋላ።

አንባቢ፦
እኔ ፔፐር እገመግማለሁ። ቅንፍና ነጥብ ብዙም አያስቆጣኝም። የሚያስቆጣኝ ዲኦአዩን ስጫን ሌላ ፔፐር ሲከፈት፣ ወይም ምንም ሳይከፈት ሲቀር ነው። እባክህ 62ቱንም አንድ በአንድ ተጭነህ እያቸው። ከቻትቦት የተቀዳ ሪፈረንስ ካለበት በተለይ ተጠንቀቅ፤ ደራሲው እውነተኛ፣ ጆርናሉ እውነተኛ፣ ፔፐሩ ግን በዓለም ላይ የሌለ ሊሆን ይችላል። ዞተሮ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ የወጣበት ካየህ ደግሞ ያ ፔፐር በአሳታሚው ተሽሯል ማለት ነው፣ ዝም ብለህ አትለፈው። ሪፈረንስ ማለት እኮ አንባቢውን ሄደህ እይ ማለት ነው፣ ሲሄድ ባዶ ቤት ማግኘት የለበትም።

ብራና፦
በጣም ነው የማመሰግነው፣ ባይነግሩኝ ኖሮ እንዲሁ ልልከው ነበር። ሁለቱ የትም አልተገኙም። አብሮኝ የጻፈውን ጠየቅሁት፣ ከቻትቦት እንደወሰዳቸው ነገረኝ። አወጣኋቸው። አንደኛውን ዓረፍተ ነገር የሚደግፍ ሌላ እውነተኛ ፔፐር አንብቤ ተካሁ፣ ለሁለተኛው ግን ምንም ስላላገኘሁ ዓረፍተ ነገሩን ራሱን ሰረዝሁት። ቀይ የወጣበትም አንድ ነበር፣ እሱንም አውጥቻለሁ፤ ሐሳቡን ሌሎች ሁለት ምንጮች ይዘውታል። አሁን 60 ነው፣ ሁሉም ይከፈታል። ልላከው?

የላብ ሰው፦
ከመላክህ በፊት ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ አድርግ። ማያያዣውን ቁረጥ የሚለውን ቁልፍ ቅጂው ላይ ብቻ ተጫን፣ ሠንጠረዦቹን ወደ መጨረሻ መልስ፣ እሱን ላክ። ሕያው የሆነው አንተ ጋ ይቀመጥ፤ ገምጋሚዎቹ ጨምር ቀንስ ሲሉህ የምትከፍተው እሱን ነው።