የቲማቲም ዘር ላይ ሚውታጅን (የዘር ባህሪን የሚለውጥ) ኬሚካል የሞከረ አለ?

የመቂው ልጅ፦
ሰላም ወገን፣ መቂ አካባቢ በመስኖ ቲማቲም ነው የምሰራው። ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ላይ ዘሩን ኮልቺሲን ወይ ኢኤምኤስ የሚባል ኬሚካል ውስጥ ዘፍዝፎ መዝራት ፍሬውን ትልቅ ያደርጋል፣ ምርትም ይጨምራል ሲሉ ሰማሁ፣ የማውቀው ልጅ ደግሞ የኢኤምኤስ ዱቄት ላምጣልህ ብሎኛል። የአሁኑ ማሳዬ አንዱ እግር እስከ ወገብ ሌላው እስከ ጉልበት፣ ፍሬውም አንዱ ሞላላ አንዱ ድቡልቡል፣ ነጋዴው ደግሞ ይሄን እያየ ዋጋ ይሰብርብኛል። ስንት ግራም በስንት ሊትር፣ ለስንት ሰዓት ነው የሚዘፈዘፈው? ፕሊስ የምታውቁ።

ላብ ነኝ፦
ወንድሜ አታምጣ በለው። አንደኛ ኢኤምኤስ ፈሳሽ ነው፣ ዱቄት ካለህ የሚሸጥልህ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛ ካንሰር አምጪ ነው፣ እኛ ላብራቶሪ ውስጥ እንኳን አየር መሳቢያ ስር ሆነን ጓንት ደርበን ነው የምንነካው፣ ትርፉንም በሶዲየም ታዮሰልፌት ሳናመክን አንደፋም። ዱቄቱ ኮልቺሲን ከሆነ ደግሞ የሪህ መድሃኒት ነው፣ መጠኑ ትንሽ ካለፈ ሰው ይገድላል፣ እንደልብ የሚገኝ ማርከሻም የለውም። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ አይደል?

ሸዋዬ፦
ኮልቺሲን ግን ይሰራል እኮ፣ ዘር አልባው ሐብሐብ በሱ አይደል እንዴ የመጣው?

አዳቃዩ፦
@ሸዋዬ ልክ ነሽ ግን ሐብሐቡ ላይ ኮልቺሲን ክሮሞዞሙን (ዲኤንኤ የሚሸከመውን የሴል ክፍል) እጥፍ ያደርገዋል፣ ከዛ ያ እጥፉ ከተራው ጋር ይዳቀልና ዘር የማይቋጥር ይወጣል። ቲማቲም ላይ 24 የነበረው 48 ሲሆን ቅጠሉ ይወፍራል፣ እድገቱ ይጎተታል፣ ፍሬ መያዙም ይቀንሳል።
@የመቂው ልጅ ኢኤምኤስ ማዳበሪያ አይደለም። ዲኤንኤውን በዘፈቀደ ነው የሚነካካው፣ አብዛኛው ለውጥ ወይ ጎጂ ነው ወይ ምንም አይፈይድም፣ የበቀለውም የመጀመሪያው ትውልድ ላይ ብዙው አይታይም፣ ከእያንዳንዱ እግር ዘር ለይተህ ሁለተኛውን ትውልድ ስትዘራ ነው ገና የሚገለጠው፣ ያኔም ከብዙ ሺህ እግር መሃል አንድ ሁለት ብታገኝ ነው።

የመቂው ልጅ፦
እሺ ግን ጤፍ ላይ በዚህ መንገድ ዝርያ ወጣ ሲሉ ሰምቻለሁ?

አዳቃዩ፦
ወጥቷል። ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ነው፣ በኢኤምኤስ ከታከመ ጤፍ አጭር ቁመት ያለውን መርጠው፣ ከሌላ ጤፍ አዳቅለው፣ ተስፋ የተባለው ዝርያ በ2017 እ.ኤ.አ. ተለቀቀ። የተፈለገው እንዳይጋሽብ (እንዳይወድቅ) ነበር፣ ዓመታትም ፈጅቷል። በነገራችን ላይ ቁመቱ አጠር የሚለው ብዙው የቲማቲም ዝርያ ራሱ ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ለውጥ) ነው፣ 1914 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ ማንም ሳይነካው በራሱ ከተገኘ እግር የመጣ ባህሪ ነው። አሁን አንድ ጥያቄ፣ ዘሩን ከየት አመጣኸው?

የመቂው ልጅ፦
አምና ጋሊላ ተክዬ አሪፍ ስለነበር ከራሱ ፍሬ አወጣሁ፣ የእሽጉ ዋጋ አይቀመስም።

አዳቃዩ፦
ይኸው መልሱ። ሃይብሪድ (የሁለት ዝርያ ድቅል) ነው፣ የሱ ዘር ሲዘራ የእናትና የአባቱ ባህሪ ይበታተናል፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር የሆነብህ ለዛ ነው። ኬሚካል ቢጨመርበት መበታተኑ ይብሳል እንጂ አይስተካከልም።

እማማ ችግኝ፦
ልጄ ዘር ማስቀረት ከፈለግክ መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን መልካሾላን ወይ መልካሳልሳን ያዝ፣ ሃይብሪድ ስላልሆኑ ዘራቸው ያንኑ ያወጣል። ጤነኛውንና ፍሬው የበዛውን እግር ገና ማሳ ላይ እያለ በክር እሰር፣ ፍሬው በደንብ ሲቀላ ጭማቂውን ከነዘሩ አንድ ሁለት ቀን አቡካው፣ እጠበውና ጥላ ላይ አድርቀው። ውሃውንም አንዴ አጥለቅልቀህ አንዴ አታስጠማው፣ የፍሬው ታች የሚጠቁረው ከሱ ነው፣ ሰው ግን በሽታ መስሎት መድሃኒት ይረጫል።

የመቂው ልጅ፦
አመሰግናለሁ እማማ። መልካሾላ ለሩቅ ገበያ ይሄዳል? አዲስ አበባ ነው የምጭነው።

እማማ ችግኝ፦
ይሄዳል፣ ግን ጨርሶ ሳይቀላ፣ ጫፉ ቀላ ማለት ሲጀምር ልቀመው፣ ሳጥኑንም አፉ ድረስ አትሙላ።