መነጽር ያደረገ ልጅ አብራሪ ለመሆን የግድ የዓይን ሌዘር መሠራት አለበት?

የልጁ አጎት፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጉዳይ ቤተሰባችንን ለሁለት ከፍሎታል። የእህቴ ልጅ 19 ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ምኞቱ አውሮፕላን ማብረር ነው። ዓይኑ ግን ማይነስ ሦስት ተኩል ነው፤ ያለ መነጽር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ አያይም። ውጭ ያሉት ዘመዶቻችን «መነጽር ያደረገ ፓይለት የለም፣ ለሌዘር እናዋጣ» ብለው ገንዘብ መሰብሰብ ጀምረዋል። እናቱ ደግሞ «የልጄን ዓይን ማንም አይነካም» ብላለች። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ጡረተኛው ካፒቴን፦ «መነጽር ያደረገ ፓይለት የለም» የሚለው ከሥሩ ስህተት ነው። አጠገቤ ተቀምጠው ካበረሩት ብዙዎቹ ባለ መነጽር ነበሩ። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ ለአንደኛ ደረጃ የጤና ማረጋገጫ የሚጠይቀው በእያንዳንዱ ዓይን 6/9፣ በሁለቱ ዓይን አንድ ላይ 6/6 ማየትን ነው። በመነጽርም ይሁን ያለ መነጽር። 6/6 ማለት ጤነኛ ዓይን ከስድስት ሜትር ላይ የሚያየውን ማየት ነው፤ 6/9 ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ባለ መነጽሩ የሚጨመርበት ግዴታ ትርፍ መነጽር በቅርቡ መያዝ ነው። እኔ ከእናትየው ጋር ነኝ።

ቨርጂኒያ ያለሁት፦ ካፒቴን፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሕጉ ሌላ፣ ኑሮው ሌላ ነው። እዚህ አሜሪካ የንግድ በረራ ፈቃድ አለኝ፤ ላሲክ የሚባለውን የዓይን ሌዘርም ተሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት ሄድሴቱ የመነጽሬን ዘንግ ከጆሮዬ በላይ ያለው አጥንት ላይ ይጫነው ነበር። ረጅም በረራ ላይ ራስ ምታቱ አይጣል ነው። የኦክስጅን ጭምብል ስናጠልቅ ደግሞ መነጽሩ ይንጋደዳል። የአሜሪካው የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ፣ ኤፍኤኤ፣ ሌዘርን አይከለክልም። የዓይን ሐኪም እይታው መረጋጋቱንና የጎላ ችግር አለመኖሩን ካረጋገጠ ወደ በረራ ይመለሳሉ። ናሳ እንኳን ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላሲክና ፒአርኬ የሚባለውን ሌላውን የሌዘር ዓይነት የተሠሩ የጠፈርተኛ አመልካቾችን ይቀበላል፤ አንድ ዓመት ማለፉንና ጉዳት አለመቅረቱን ነው የሚያየው። ልጁ ዕድል ካለው ለምን እንከለክለዋለን?

የልጁ አጎት፦ የግፊቱስ ነገር? ሌዘር የነካው ዓይን ከፍታ ላይ ይፈነዳል ሲባል ሰምተናል። እናቱን በጣም ያስፈራት ይኸው ነው።

የዓይን ባለሙያዋ፦ አይፈነዳም፤ በዚህ በኩል ይረጋጉ። የከፍታ ችግር የነበረበት አርኬ የሚባለው የድሮ ዘዴ ነው። ኮርኒያን፣ ማለትም ከዓይን ፊት ለፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ ዙሪያውን በስለት መተልተል ነበር። እንዲህ የተተለተለ ኮርኒያ ከፍታ ላይ ኦክስጅን ሲያንሰው ቅርጹ ይለወጣል። በ1996 እ.ኤ.አ. ኤቨረስት ላይ ቤክ ዌዘርስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ማየት ያቃተው በዚህ ምክንያት ነው። ላሲክና ፒአርኬ ግን ሌላ ናቸው። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊትም ቢበዛ 8,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለው ነው። ቦሌ አየር ማረፊያ ራሱ ከ7,600 ጫማ በላይ ላይ ነው ያለው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር ሰው ከዚያ ብዙም በማይርቅ ግፊት ነው የሚውለው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አንደኛው ዕድሜው። በ19 ዓመት ዓይን ገና ሊለወጥ ይችላል። ዛሬ አስተካክለነው ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና መነጽር ሊያሻው ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይቀየር መቆየቱ ይታይ። ሁለተኛው ከዚህም ይብሳል። እኛ አገር ዓይኑ በአለርጂ እያሳከከው ሲያሸው ያደገ ልጅ ብዙ ነው። ማሸቱ ኮርኒያን እያሳሳ ወደ ፊት ሊያሾለው ይችላል፤ ኬራቶኮነስ ይባላል። እንዲህ ያለ ኮርኒያ በሌዘር ከተነካ ይበልጥ ይዳከማል፣ ያኔ መነጽርም ላያስተካክለው ይችላል። የኮርኒያውን ቅርጽ የሚያሳየው ምርመራ፣ ቶፖግራፊ፣ ሳይነሣ የሌዘር ቀን የሚቀጥር ክሊኒክ ካጋጠማችሁ ጥላችሁ ውጡ።

ፈርስት ኦፊሰሯ፦ ረዳት አብራሪ ነኝ፤ እኔ ፒአርኬ ነው የተሠራሁት። በላሲክ ከኮርኒያው ላይ ስስ ክዳን ተከፍቶ ሌዘሩ ከሥሩ ይሠራና ይመለሳል። ፒአርኬ ክዳን የለውም። የላይኛው ስስ ሽፋን ተጠርጎ ይነሣና እንደገና ይበቅላል። ክዳን ስለሌለው በኋላ ተመትቶ ይነሣል የሚል ስጋት የለም፤ የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ግን ሕመሙ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ላይ መጋረጃ ዘግቼ ነው የተኛሁት። እይታዬ የጠራውም ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት ነው።

ማንም ያልነገረኝ የዓይን ድርቀቱን ነው። ሌዘሩ የኮርኒያን ነርቭ ስለሚነካ እንባ ይቀንሳል። የአውሮፕላን አየር ደግሞ በጣም ደረቅ ነው፤ እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። ሌሊቱን ሙሉ በርረን ጎሕ ሲቀድ ስናርፍ፣ ከመውረዳችን በፊት ጠብታ ካልጨመርኩ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል። ሌላው ማታ ማታ በመብራት ዙሪያ የሚታየው ቀለበት ነው። ቀን ቀን የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳውን እስከ ታች አነበዋለሁ፤ ሲመሽ ግን የመንገድ መብራት ሁሉ ተበትኖ ይታየኛል። የማኮብኮቢያ መብራት እንዲህ እየታየኝ ማረፍ አልፈልግም ብዬ ቀለበቱ እስኪጠፋ ሥራ አልገባሁም። አብዛኛው ሰው ላይ ይጠፋል፣ ጥቂቶች ላይ ይቀራል። እኔ ላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ሥራዬ አብሮ ይሄድ ነበር።

ቨርጂኒያ ያለሁት፦ ታዲያ እህቴ፣ ይሄ እኮ የእኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ደሞዙን አስይዞ ነው የሚሠራው። ልጁ ግን ሥልጠና ሳይጀምር ቢሠራ ለማገገም ጊዜ አለው።

ፈርስት ኦፊሰሯ፦ ጊዜ አለው፣ እውነት ነው። ግን እኔ የማጣው ሥራ ነበር። እሱ ገና ያልጀመረውን ሊያጣ ነው፤ ያውም በመነጽር ማለፍ እየቻለ።

ጡረተኛው ካፒቴን፦ አንድ ልጨምር። ሌዘር ተሠራ ማለት ከመነጽር ለዘለዓለም ተገላገለ ማለት አይደለም። ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ እይታ ይደክማል፣ የበረራ ቻርት ለማንበብ መነጽር ይመጣል። ያን ለመሸሽ አንዱን ዓይን ለሩቅ ሌላውን ለቅርብ የሚያስተካክሉ አሉ። በጥቅምት 1996 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ዴልታ አየር መንገድ በረራ 554 ኒውዮርክ ላጓርዲያ ሲያርፍ ከማኮብኮቢያው በፊት ካሉት መብራቶች ጋር ተጋጨ። ማንም አልሞተም። ምርመራው ካፒቴኑ እንዲህ ያለ ኮንታክት ሌንስ አድርጎ እንደነበርና ርቀቱን በትክክል መገመት እንዳቃተው ገለጸ። ያ ሌንስ ነው፣ ይወልቃል። በሌዘር ያደረገው ሰው ግን ምኑን ያወልቃል?

የበረራ አመልካች፦ ሌዘር ተሠርተው የጤና ምርመራ (ሜዲካል) ቅጹ ላይ ሳይጽፉ የሚያልፉ አሉ ይባላል። እውነት ነው?

የዓይን ባለሙያዋ፦ እባክህ ወንድሜ፣ እንዳታስበው። ቶፖግራፊ ሲነሣ ሌዘር የነካው ኮርኒያ በግልጽ ይታያል። ቀዶ ሕክምናው በራሱ አይጥልህም፤ መደበቁ ግን ሊጥልህ ይችላል።

ቨርጂኒያ ያለሁት፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል። የኢካኦ መስፈርት ዝቅተኛው ነው፤ ትምህርት ቤት ወይም አየር መንገድ ከዚያ የጠበቀ ሊያወጣ ይችላል። ልጁ ያመለከተበት ቦታ ያለ መነጽር ማየትን ቢጠይቅስ? ያኔ ምን ልትሉት ነው?

የልጁ አጎት፦ እሱን በጽሑፍ እንጠይቃለን። ሜዲካሉንም መጀመሪያ በመነጽሩ ይሞክር። እናቱን አሁን ደውዬ ጠየቅኳት። እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ በበጋ ዓይኑ እየቀላ ያሸው እንደነበር ነገረችኝ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቶፖግራፊው ይነሣል፤ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዘናል። የተዋጣው ገንዘብ እስከዚያ አይነካም።

ቨርጂኒያ ያለሁት፦ ውጤቱን እዚሁ ጻፍልን። ኮርኒያው ጤነኛ ከሆነ ክርክሬን እቀጥላለሁ።