ሕጉ ይቅደም ወይስ ኪራዩ? የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች በዲሲ ዙሪያ የት ይከራዩ?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው። ሁለት ሴቶች አብረው ይኖራሉ፤ አልተጋቡም፤ አንደኛዋ የወለደችው የ6 ዓመት ልጅ እያሳደጉ ነው። አንዷ መሀል ዋሽንግተን ዲሲ ሥራ አግኝታ ሊዛወሩ ነው፤ በሳምንት 4 ቀን ቢሮ መገኘት አለባት። ለባለሁለት መኝታ ቤት ከ2,200 ዶላር በላይ መክፈል ስለማይችሉ የከተማዋን ዳርቻ እያዩ ነው። ሜሪላንድ ይሻላቸዋል ወይስ ቨርጂኒያ? ሐበሻ የበዛበት ሰፈርስ ይጠቅማቸዋል ወይስ ይጎዳቸዋል? እንዲህ መኖር ይገባቸዋል ወይ የሚለው እዚህ አይነሳም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፖቶማክ ማዶ፦ ቨርጂኒያ ይሂዱ። "ሜሪላንድ ሕግ አላት፣ ቨርጂኒያ የላትም" የሚባለው ያለፈ ነገር ነው። ሜሪላንድ በፆታዊ ዝንባሌ ማግለልን በ2001 ከለከለች፣ የፆታ ማንነትን በ2014 ጨመረች፤ እውነት ነው ቀድማለች። ግን ቨርጂኒያም ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ በሥራ፣ በቤት፣ በብድርና በአገልግሎት መስጫ ቦታ ሁሉ ማግለልን ከልክላለች፤ ከደቡብ ስቴቶች እንዲህ ያለ ሙሉ ሕግ በማውጣት የመጀመሪያዋ ናት። ሕጉ ከተቀራረበ የሚቀረው ገንዘብ ነው። ታክስ የሚቆረጥበት ገቢ 80,000 ዶላር ይሁን። በቨርጂኒያ የስቴቱ ታክስ 4,343 ዶላር ገደማ ይመጣል። በሜሪላንድ የስቴቱ 3,748 ሆኖ በላዩ ላይ የካውንቲ ታክስ ይጨመራል፤ በ2024 በሞንትጎመሪም በፕሪንስ ጆርጅስም 3.2 በመቶ ስለነበር 2,560 ዶላር ነው። ልዩነቱ በዓመት 1,965፣ በወር 164 ዶላር ይሆናል። ዲሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው የደመወዝ ታክሱን የሚከፍለው ለሚኖርበት ስቴት ስለሆነ ይህን ልዩነት የሚያስቀርላት ነገር የለም። አናንዴል ወይም የአሌክሳንድሪያ ምዕራብ በኩል ይፈልጉ።

ሊዝ አንባቢ፦ ስሌትህ ትክክል ነው፤ "ሕጉ ተቀራርቧል" ያልከው ላይ ግን እንለያያለን። የአወያዩን ጥያቄ መለስ ብለህ አንብበው፤ *አልተጋቡም* ይላል። በሜሪላንድ የቤት ሕግ የጋብቻ ሁኔታ ራሱ ጥበቃ ያለው ነገር ነው። በቨርጂኒያ የቤት ሕግ ዝርዝር ውስጥ የለም። ይህ በተግባር እንዲህ ይመጣል። አብዛኛው አከራይ ገቢ የኪራዩ 3 እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ለ2,200 ዶላር ቤት በወር 6,600፣ በዓመት 79,200 ማለት ነው። ባልና ሚስት ሲመጡ የሁለቱን ደመወዝ ይደምራል። ያልተጋቡ ሲመጡ "እናንተ ደባል ናችሁ፣ እያንዳንዳችሁ ለየብቻ 3 እጥፍ አሳዩ" የሚል አለ። አንዷ ሥራ ለቃ ተከትላ ስለምትመጣ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ለዚህ አቤት የሚሉበት አንቀጽ አላቸው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ግን የተገለሉት በፆታዊ ዝንባሌያቸው መሆኑን ማስረዳት ይኖርባቸዋል፣ ያ ደግሞ ከባድ ነው።

ዲፖዚትም (በመግቢያው የሚያዘው ገንዘብ) እንዲሁ። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ከ1 ወር ኪራይ በላይ ማስያዝ ከልክላለች፤ ቨርጂኒያ እስከ 2 ወር ትፈቅዳለች። በ2,200 ዶላር ቤት ልዩነቱ በመግቢያው ቀን የሚፈለግ 2,200 ጥሬ ገንዘብ ነው። የኪራይ ጭማሪም አለ፤ ሞንትጎመሪ ከ2024 ጀምሮ ጭማሪውን በዋጋ ግሽበት ላይ 3 በመቶ ተደምሮ ወይም 6 በመቶ፣ ከሁለቱ ባነሰው ወስናለች፤ ፕሪንስ ጆርጅስም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሕግ አጽድቃለች። የቨርጂኒያ ካውንቲዎች ስቴቱ ካልፈቀደላቸው እንዲህ ያለ ጣሪያ የማውጣት ሥልጣን የላቸውም።

ፖቶማክ ማዶ፦ ጣሪያው ሁሉንም ቤት አይሸፍንም። በሞንትጎመሪ 23 ዓመት ያልሞላው ሕንፃ ነፃ ነው፤ በፕሪንስ ጆርጅስ ከ2000 ወዲህ የተሠራው ነፃ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ደግሞ በኢንተርኔት አይቶ የሚከራየው አዲሱን ሕንፃ ነው። በጣሪያው የተሸፈነ ቤት ቢያገኙም 6 በመቶ የ2,200 ዶላር 132 ነው፤ የታክሱ 164 ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይወጣል።

ሊዝ አንባቢ፦ እንግዲያው አዲሱን ሕንፃ አይከራዩ፤ የተሠራበትን ዓመት ጠይቀው በሊዙ (በኪራይ ውሉ) ላይ ያጽፉ። የመኪናውን ታክስም ዘለልከው። በቨርጂኒያዋ ፌርፋክስ ካውንቲ ለዓመታት በእያንዳንዱ 100 ዶላር ዋጋ 4.57 ዶላር ሲጠየቅ ኖሯል፤ ለ20,000 ዶላር መኪና የስቴቱ ቅናሽ ሳይቀነስለት 914 ዶላር በዓመት ነው። ሜሪላንድ እንዲህ ያለ ዓመታዊ የመኪና ታክስ የላትም። ሁለት መኪና ካላቸው ከ1,965ቱ ላይ ብዙ የሚተርፍ አይኖርም።

ቀይ መስመር፦ መኪናውን ካነሳችሁ እኔም ልግባ። በዚህ አካባቢ ሰው የሚሳሳተው ኪራዩን ብቻ አይቶ ሲርቅ ነው። ከቢሮው 30 ማይል የሚርቅ ቤት በቀን 60 ማይል ነው፤ በወር 16 የቢሮ ቀን 960 ማይል። የአገሪቱ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ለ2025 ባወጣው በማይል 70 ሳንቲም ስናሰላው 672 ዶላር ይሆናል፣ የመሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ሳይጨመር። የሜትሮ (የከተማው ባቡር) ውዱ የሥራ ቀን ጉዞ በ2024 ታሪፍ 6.75 ዶላር ነው፤ ደርሶ መልስ 16 ቀን 216 ዶላር። ቀጣሪዋ የትራንስፖርት ጥቅም የሚሰጥ ከሆነ ይህም ከታክስ በፊት ይቆረጣል፤ የ2025 ጣሪያ በወር 325 ዶላር ነበር። ስለዚህ ሩቁ ቤት በ456 ዶላር ካልረከሰ ርካሽ አይባልም።

በዚህ መለኪያ አናንዴል ይወድቃል፤ ሜትሮ የለውም። ከቀይ መስመር ዊተንና ግሌንሞንት፣ ከአረንጓዴው ሃያትስቪልና ግሪንቤልት ይቅደሙ። ከማናሳስ ወይም ከዉድብሪጅ የሚመጣው የቨርጂኒያ ባቡርና ከፍሬድሪክ በኩል የሚመጣው የማርክ ባቡር ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ነው የሚሠሩት፤ ከልጁ ትምህርት ቤት "አሞታል፣ ውሰዱት" ብለው እኩለ ቀን ላይ ቢደውሉ ተመላሽ ባቡር ላይኖር ይችላል። ከቤቴዝዳ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል የሚዘረጋው ፐርፕል ላይን ገና ግንባታ ላይ ነው፤ "ጣቢያው ሊከፈት ነው" ተብሎ ዛሬ ኪራይ እንዳይጨመርባቸው።

ጆርጂያ ጎዳና፦ ስለ ሐበሻው ጥያቄ ማንም አልመለሰም። የሞንትጎመሪዋ ሲልቨር ስፕሪንግና የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ማለት ቤተ ክርስቲያኑ፣ እንጀራው፣ ልጁ አማርኛ የሚሰማበት ቦታ ነው። ተመሳሳይ ፆታ ያፈቀረ ሰው ይህን ሁሉ ትቶ ይሂድ ማለት ፍትሕ አይደለም። ግን የሚያስፈራቸውም ነገር የተጨበጠ ነው። በ2023 በሞንትጎመሪ ትምህርት ቤቶች የተመሳሳይ ፆታ ቤተሰቦች ያሉባቸውን የተረት መጻሕፍት ተቃውመው ሰልፍ ከወጡት ወላጆች መካከል ከሙስሊሞቹ ጋር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አማኞችም ነበሩ። ያንኑ ሰፈር ነው የምንመክራቸው።

እኔ የምለው፣ ሐበሻው ባለበት አካባቢ ይኑሩ፣ ከሐበሻ ቤዝመንት (የቤት ምድር ቤት) ግን አይከራዩ። የሁለቱን ልዩነት ብዙ ሰው አያይም። በሰው በሰው የሚገኝ ቤዝመንት ክሬዲት (የብድር አከፋፈል ታሪክ) አይጠየቅበትም፣ ዋጋው ዝቅ ይላል፣ መብራትና ውኃ ይካተታል፤ ለአዲስ የመጣ ሰው ይጥማል። ያው ቤት ግን በር የጋራ ነው፣ ወጥ ቤት አንዳንዴ የጋራ ነው፣ ባለቤቷ ማን ስንት ሰዓት እንደገባ ታውቃለች፣ እሁድ ቅዳሴ ላይ ደግሞ ዘመዶቻቸውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ትገናኛለች። አንድ ቀን "ልጄ ይመጣል፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ" ትባላላችሁ፤ ምክንያቱ ሌላ መሆኑን ብታውቁም የምታሳዩት ወረቀት የላችሁም። በኩባንያ የሚተዳደር አፓርታማ ውስጥ ግን ማመልከቻው፣ ሊዙ፣ ኢሜይሉ ሁሉ ይቀራል፤ ጎረቤቱ ሐበሻ ቢሆንም ቁልፉ በእሱ እጅ አይደለም።

ሊዝ አንባቢ፦ ጆርጂያ ጎዳና የተናገሩት ላይ የሕጉን ምክንያት ልጨምርበት፤ ከወረቀት ማጣትም ይብሳል። በሜሪላንድ ስቴት ሕግ ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ክፍል ሲያከራይ፣ ወይም ከ5 ያልበለጡ የሚከራዩ ቤቶች ባሉበትና ራሱ በሚኖርበት ሕንፃ ሲያከራይ፣ በፆታ፣ በፆታዊ ዝንባሌ፣ በፆታ ማንነትና በጋብቻ ሁኔታ የተከለከለው ማግለል አይመለከተውም። ቨርጂኒያም ባለቤቱ በሚኖርበት እስከ 4 ቤተሰብ በሚይዝ ቤት ላይ ተመሳሳይ ነፃ አንቀጽ አላት። ማለትም "ለሁለት ሴቶች አላከራይም" ብሎ ፊት ለፊት ቢነግራቸው እንኳ በስቴቱ ሕግ ላይረቱ ይችላሉ። ካውንቲዎች የራሳቸው ሕግ ስላላቸው፣ አድራሻውንና ባለቤቱ እዚያ መኖሩን ጠቅሰው የካውንቲውን የሰብአዊ መብት ቢሮ አስቀድመው ይጠይቁ።

ግድ ሆኖ ቤዝመንት ከያዙ፣ ሞንትጎመሪ ውስጥ የኪራይ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መኖሩን ከካውንቲው የቤቶች መምሪያ ያረጋግጡ። ሜትር ይዘው የመኝታ ክፍሉን መስኮት ይለኩ። ብዙ ስቴቶች በሚከተሉት የመኖሪያ ቤት ኮድ መሠረት፣ ለእሳት መውጫ የሚሆን የቤዝመንት መስኮት ሲከፈት ስፋቱ ቢያንስ 20 ኢንች፣ ቁመቱ ቢያንስ 24 ኢንች፣ ከወለሉ እስከ መስኮቱ ታችኛው ጠርዝ ቢበዛ 44 ኢንች፣ ክፍት ቦታው በጠቅላላው ቢያንስ 5.7 ስኩዌር ፊት፣ መስኮቱ በመሬት ደረጃ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 5 ስኩዌር ፊት መሆን አለበት። ሰው የሚሳሳተው 20 በ24 ሲያይ "አለፈ" ማለቱ ላይ ነው፤ ሲባዛ 3.3 ስኩዌር ፊት ብቻ ነው። ስፋቱ 20 ከሆነ ቁመቱ ለ5.7ቱ ከ41 ኢንች ማለፍ፣ ለ5ቱ ደግሞ 36 ኢንች መድረስ አለበት። ልጅ የሚተኛበት ክፍል ነውና እዚህ ላይ አይለሳለሱ።

ፖቶማክ ማዶ፦ የቤዝመንቱን እቀበላለሁ፤ ለሁለቱም ስቴት ይሠራል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። "ተስማሚ ሰፈር" የምትሉትን በምን ትለኩታላችሁ? ሂዩማን ራይትስ ካምፔይን የተባለው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መብት ተሟጋች ድርጅት በየዓመቱ ለከተሞች እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል፤ እሱን አይታችሁ ነው?

ጆርጂያ ጎዳና፦ እሱ የሚለካው የከተማውን ሕግና አገልግሎት ነው። ጎረቤቱን አይለካም፣ ኪራዩንም አይለካም። ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ የራሱ ማዘጋጃ ቤት የሌለው ሰፈር ነው፤ ሕጉ የካውንቲው ሕግ ነው። የሚሻለው የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው በየዓመቱ የሚሰበስበው መረጃ ነው፤ ቢ11009 የተባለው ሠንጠረዥ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች የሚኖሩባቸውን ቤቶች በየአካባቢው ያሳያል። የ5 ዓመቱን አማካይ ይውሰዱ፤ በትንሽ ሰፈር ላይ የስህተት መጠኑ ከቁጥሩ ራሱ ሊበልጥ ስለሚችል ጎን ለጎን ያንብቡት። ብቻቸውን የሚኖሩትን እንደማይቆጥርም ይወቁ።

የወላጅ ኮሚቴ፦ የ6 ዓመት ልጅ እያለ ስለ ትምህርት ቤት ያነሳ የለም። ሞንትጎመሪ "ተራማጅ ናት" ተብሎ ብቻ አይታለፍ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 2025 በማህሙድና በቴይለር መዝገብ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ከእነዚያ መጻሕፍት ትምህርት ማስወጣት እንዲችሉ ወስኖባታል። በሰሜን ቨርጂኒያም በዚያው ዓመት የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት አሌክሳንድሪያን፣ አርሊንግተንን፣ ፌርፋክስን፣ ላውደንንና ፕሪንስ ዊሊያምን ለትራንስጀንደር ተማሪዎች በፈቀዱት የመጸዳጃ ቤት አጠቃቀም ሕግ ጥሳችኋል ብሏቸዋል። ስለዚህ ስቴቱን ትታችሁ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ፤ የምዝገባ ቅጹ "እናት/አባት" ይላል ወይስ "ወላጅ 1፣ ወላጅ 2"? ልጁን የሚወስዱት ሰዎች ዝርዝር ላይ ያልወለደችው እናት እንደ ወላጅ ትጻፋለች ወይስ እንደ "ሌላ"?

ያልወለደችው እናት በሕግ ወላጅ ካልሆነች ሰፈር መምረጥ አያድናትም። የጉዲፈቻ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋታል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 አላባማ የጆርጂያን የጉዲፈቻ ፍርድ እንድትቀበል ወስኗል፤ ፍርዱ ስቴት ተሻግሮ አብሯት ይሄዳል። አሁን ባሉበት ስቴት መጨረስ የሚቻል ከሆነ ከመዛወራቸው በፊት ጠበቃ ያነጋግሩ።

ቅጥር ክፍል፦ የመዛወሪያ ገንዘቡን አትርሱ። ከ2018 ጀምሮ ቀጣሪ ለዕቃ ማጓጓዣ የሚሰጠው ገንዘብ ለአብዛኛው ሠራተኛ እንደ ደመወዝ ታክስ ይቆረጥበታል፤ በ2025 ደግሞ ቋሚ ሆኗል። 10,000 ዶላር ቃል ከተገባላት 22 በመቶ የፌዴራል፣ 6.2 ሶሻል ሴኩሪቲ፣ 1.45 ሜዲኬር ተቀንሶ፣ የስቴቱ ሳይነካ 7,035 ይደርሳታል። ታክሱን ቀጣሪው እንዲችል የቅጥር ደብዳቤውን ሳትፈርም ትጠይቅ፤ ከፈረመች በኋላ የሚሰማት የለም።

ኢንሹራንሱም አለ። ቀጣሪው ያልተጋባችውን አጋር በኢንሹራንስ ቢያስገባ፣ አጋሯ በታክስ ሕግ ጥገኛ ካልተባለች በስተቀር፣ ለእሷ የሚከፍለው ድርሻ በሠራተኛዋ ገቢ ላይ ተደምሮ ታክስ ይቆረጥበታል። ለተጋቡ ይህ የለም።

ፖቶማክ ማዶ፦ እንግዲያው መፍትሔው መጋባት ነው፤ ሊዝ አንባቢ ያነሳችው የጋብቻ ሁኔታ ጉዳይም አብሮ ይወድቃል፣ ቨርጂኒያም እንደገና ትረክሳለች።

ሊዝ አንባቢ፦ ሰው ለሊዝ ብሎ አይጋባም፤ ግን ሊጋቡ ያሰቡ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይጠቅማል። ቨርጂኒያ ፈቃዱን በሰጠችበት ቀን ማጋባት ትችላለች፤ ሜሪላንድ 48 ሰዓት ታስጠብቃለች። ከጋብቻው በኋላ ኢንሹራንስ ውስጥ ለማስገባት ቢያንስ 30 ቀን ጊዜ አላቸው፤ ካለፈ እስከ ዓመታዊው ምዝገባ ይጠብቃሉ። ቢጋቡም ባይጋቡም ሊዙ ላይ ሁለቱም በተከራይነት ይፈርሙ። አንዷ "ነዋሪ" ተብላ ብቻ ከተጻፈች፣ ፈራሚዋ ብትታመም ወይም ብትለያት በቤቱ የመቆየት መብት አይኖራትም። ቨርጂኒያ ከሄዱም፣ ሜትሮ ጣቢያ በእግር የሚደረስበት በ2,200 ዶላር ካገኙ አልከራከርም፤ አናንዴልን ግን አሁንም አልመክርም።